ጎረቤቴ በየሳምንቱ አትክልትና አበባ ያመጡልኛል፤ እኔ ግን ተሳቀቅኩ

ጥያቄ፦

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። አዲስ ቤት ከገባን ጥቂት ወራት ሆነን። ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤታችን እናቴን በዕድሜ የሚያህሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጓሯቸው ያስቀናል። በየሳምንቱ በራችን ላይ አንድ ዘንቢል ይቀመጣል፤ ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ዝኩኒ፣ ፎሶሊያ፣ ከላዩ ደግሞ እቅፍ አበባ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። አሁን ግን እየተሳቀቅኩ ነው፣ ምክንያቱም የምመልሰው የለኝም። ባለቤቴ «ብር እንስጣቸው» ይላል። ሁለታችንም ሥራ ውለን ስለምንገባ ግማሹ ይበላሻል። ባለፈው ሳምንት የጠወለገ ሰላጣና የለሰለሰ ካሮት እንዳያዩኝ ማታ ወስጄ ጣልኩ። አበባውም ሁለት ቀን አይቆይልኝም። አሁን ደግሞ «ልጄ ጋ ልሄድ ነው፣ እስክመለስ አንቺው እየገባሽ ቅጠፊ» አሉኝ። እኔ ስለ ተክል ምንም አላውቅም፣ አበላሽባቸዋለሁ ብዬ ፈራሁ። የተረፈኝን ለሥራ ባልደረቦቼ ብሰጥስ ነውር ነው? ድመትም አለችን፣ ያገኘችውን ቅጠል ታኝካለች። ምን ትመክሪኛለሽ?

የተሳቀቀችው ጎረቤት

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ብሩን ተዉት። ባለቤትሽ በቅንነት እንዳሰበው ይገባኛል። ግን አንድ ሰው ወዶ ለሰጠሽ ነገር ዋጋ ስትቆርጪለት ቅር ይለዋል። እሳቸው አልሸጡልሽም። ብሩን ካስያዛችኋቸው በሚቀጥለው ሳምንት ዘንቢሉን ይዘው ሲመጡ «እንዲከፍሉኝ የመጣሁ ይመስላቸው ይሆን?» ብለው ይሳቀቃሉ፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ ይቀራሉ። ያኔ የሚቀርብሽ አትክልቱ ብቻ አይደለም።

«የምመልሰው የለኝም» ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ። ጓሮ የሚያለማ ሰው ከጎረቤቱ የሚፈልገው ብድር መላሽ አይደለም። የሚበላለት ሰው ነው። ዘሩን ከዘራ ጀምሮ ሲያጠጣ፣ ሲያርም፣ ቀንድ አውጣ ሲለቅም ከርሞ፣ ያፈራው ነገር ላዩ ላይ በስብሶ ሲቀር ማየት ነው የሚያመው። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ሁለት እግር ዝኩኒ ብቻ ቢተክሉ እንኳ ፍሬውን ብቻቸውን በልተው አይዘልቁትም። ስለዚህ ስትቀበያቸው እያስቸገርሻቸው ሳይሆን እያገዝሻቸው ነው። ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ የተክሉ ጠባይ ራሱ እንደዚያ ነው።

እንዴት መሰለሽ፣ ዝኩኒ፣ ፎሶሊያ፣ ኪያር፣ ቃሪያ፣ እነዚህ ሲቀጠፉ ነው የሚበረክቱት። ተክሉ የሚያፈራው ዘሩን ለመተካት ነው። ፍሬው ላዩ ላይ ቆይቶ ዘሩ ከጎመራ ጉልበቱን ሁሉ ወደዚያ ያዞርና አዲስ አበባ ማውጣቱን ይቀንሳል። ፎሶሊያ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ጥቂት እሸቶች ተረስተው ቆዳቸው ቢጫ እስኪሆን ከቆዩ ምርቱ ይቀንሳል፤ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ከተለቀመ ግን ለሳምንታት መስጠቱን አያቆምም። አበባውም እንደዚሁ ነው። ዚኒያ፣ ኮስሞስ፣ ዳሊያ በተቆረጡ ቁጥር ከጎን እያቆጠቆጡ ያብባሉ። በራችሁ ላይ የተቀመጠው እቅፍ ለቀጣዩ እቅፍ ቦታ የለቀቀ ነው።

እና ምን ልመልስ ካልሽ፣ መጀመሪያ ወሬውን መልሺላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ብለሽ አትለፊ። ምን እንዳደረግሽው ንገሪያቸው። «ያ ቢጫው ቲማቲም ምን ዓይነት ነው? ባለቤቴ ጨው ነስንሶ ቆሞ ጨረሰው» በያቸው። አበባውን ጠረጴዛ ላይ አድርገሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺና አሳዪያቸው። ያልወደድሽው ካለ እሱንም በመልካም አፍ ንገሪያቸው፤ የሚቀጥለውን ዘር ሲመርጡ ያስቡበታል። ፊታቸው ላይ የምታዪው ነገር ስለ ብሩ የነበረውን ሐሳብ ያስረሳሻል።

ከወሬው ሌላ እጅሽ ላይ ያለ ነገር ሞልቷል። ዘንቢሉን አጥበሽ መልሺ፣ ይሄ ትንሽ ይመስላል ግን ዘንቢሉ ካልተመለሰ በሚቀጥለው ሳምንት የሚይዙበት ያጣሉ። ልጣጩን፣ የካሮቱን ቅጠል፣ የእንቁላል ቅርፊቱን ለብቻ ሰብስበሽ ኮምፖስት የሚያዘጋጁ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ያን የጠወለገ ሰላጣ ማታ ተደብቀሽ ከምትጥዪው ለኮምፖስታቸው ብትሰጫቸው ኖሮ በደስታ ነበር የሚቀበሉሽ፤ ጓሮ ውስጥ የሚጠወልግ ቅጠል እፍረት ሳይሆን የነገ አፈር ነው። ከዚያ ደግሞ ጉልበት አለ። በእሳቸው ዕድሜ ወገብ ጎንበስ ማለት አይወድም። ባለቤትሽ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ሰጥቶ የአፈር ከረጢት ቢያነሳላቸው ወይም የተሰበረ የአጥር እንጨት ቢቀይርላቸው፣ ሊሰጣቸው ካሰበው ብር ይልቅ ያንን ያስታውሱታል። ግን ሂሳብ አታድርጉት። ቲማቲም በመጣ ማግስት አካፋ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ያው ክፍያ ሆነ ማለት ነው።

መጠኑ ከበዛ ደግሞ በግልጽ መናገር ይቻላል። ነውር የለውም። ሸሽጎ መጣሉ ነው የሚከብደው፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ያዩሽ ይሆናል። እንዲህ በያቸው፦ «እማማ፣ አትክልትዎን በጣም ነው የወደድነው፣ ግን ሁለት ሰው ብቻ ነን፣ እንዳይበላሽብን እየፈራሁ ነው። ሰላጣ በሳምንት አንድ፣ ዝኩኒ ሁለት ትንንሽ ይበቃናል። ቲማቲሙን ግን አይቀንሱብን።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እንዳትረሺ። የሚቀንሰውን ከነገርሻቸው ጋር የሚቀጥለውንም ስትነግሪያቸው፣ «አይምጡብኝ» እንዳላልሽ ይገባቸዋል።

አሁን ወደሚበላሸው ነገር እንምጣ። ዘንቢሉ የመጣ ዕለት ማታ፣ ቢደክምሽም፣ ሩብ ሰዓት ስጪው። አብዛኛው የሚበላሸው እንደመጣ በፌስታል ፍሪጅ ውስጥ ስለሚወረወር ነው።

ከካሮቱ ጀምሪ። ከነቅጠሉ ሲመጣ ያምራል፣ ሰው ቅጠሉን መቁረጥ ያሳሳዋል። ግን ቅጠሉ ከተነቀለ በኋላም ውሃ ማትነኑን አያቆምም፣ ያን ውሃ የሚስበው ደግሞ ከራሱ ከካሮቱ ነው። ካሮትሽ እንደ ጎማ የሚተጣጠፈው ለዚህ ነው። አናቱ ላይ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ አስቀርተሽ ቅጠሉን ቁረጪው፣ አፈሩን አራግፊ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ ፍሪጅ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ አድርጊው። ሁለት ሦስት ሳምንት ጥርት ብሎ ይቆያል። የለሰለሰውንም አትጣዪው፤ ቆራርጠሽ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው፣ ጠዋት ሲሰበር ድምፁን ትሰሚያለሽ። ቀይ ሥር ከመጣም ቅጠሉን እንደዚሁ ለዪው፣ ግን እሱን ብዪው። ቀይ ሥርና ቆስጣ አንድ ዝርያ ናቸው፣ ቅጠላቸው ተመሳሳይ ነው የሚሠራው።

ሰላጣ ጠወለገ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም። ውሃ ጠማው ማለት ነው። በደንብ ቀዝቃዛ በሆነ ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ንከሪው፣ ቅጠሉ ሲወጠር በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ከዚያ ግን ውሃውን በሚገባ አንጠፍጥፊ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዪና ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢ። እርጥብ ሆኖ ከገባ ይዝለገለጋል፣ ሳይጠቀለል ከገባ ይደርቃል። ቆስጣም ሕጉ ይኸው ነው። የተዝለገለገው፣ የሸተተው ወይም የጠቆረው ቅጠል ብቻ ነው የሚጣለው።

ቲማቲም ላይ ትንሽ አጥብቄ ልናገር። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢው። ከ12 ዲግሪ በታች ሲቆይ መዓዛውን የሚሰጡት ነገሮች መመረታቸውን ያቆማሉ፣ ሥጋውም ዱቄት ዱቄት ይላል። ከጓሮ የተቀጠፈ ቲማቲም ከሱቁ የሚለየው በዚያ መዓዛ ነው፤ ሽታው እኮ ቅጠሉን የነካ እጅ ላይ ሳይቀር ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ሳህን ላይ ሳይደራረብ፣ እትብቱ ወደ ታች ሆኖ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው። በደንብ ቀይ የሆነውን በሁለት በሦስት ቀን ጨርሱት። ከዚህ በላይ ሊቆይ ከሆነና መልስለስ ከጀመረ ያኔ ፍሪጅ ይሻለዋል፣ ግን ከመብላትሽ በፊት ቀድመሽ አውጪው። አረንጓዴው ደግሞ አይጣልም፣ የበሰለ ሙዝ ወይም ፖም አጠገቡ ብታደርጊ ከፍሬው የሚወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያበስለዋል።

በሶብላ ከመጣ እሱም ብርድ አይወድም፣ ፍሪጅ ውስጥ ይጠቁራል። እንደ አበባ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁሚው። በቆሎ እሸትና የአተር እሸት ከመጣ ሌላውን ሁሉ ትተሽ ያን ማታውኑ ብዪ፤ ከተቀጠፉበት ሰዓት ጀምሮ ስኳራቸው ወደ ስታርች እየተለወጠ ነው፣ ነገ የምታገኚው ጣዕም የዛሬው አይደለም። ድንች ጨለማና አየር የሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ፤ አረንጓዴ የሆነውን ክፍል ወፈር አድርገሽ ላጪው፣ በሙሉ አረንጓዴ ከሆነ ጣዪው።

የማትደርሱበትን ደግሞ ማቀዝቀዝ ነው። ፎሶሊያውን ሁለቱን ጫፍ ቆርጠሽ በሚንተከተክ ውሃ ለ3 ደቂቃ ቀቅዪው፣ ወዲያው በረዶ የገባበት ውሃ ውስጥ ክተቺው፣ አድርቂና በከረጢት ፍሪዘር ውስጥ አድርጊ። ቆስጣ 2 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀቅለሽ ካላስገባሽው ውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራቸውን ስለማያቆሙ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጣዕሙም ቀለሙም ይሄዳል። ቲማቲም ግን ይህ ሁሉ አያሻውም፣ አጥበሽ ሙሉውን አስገቢው፣ ስታወጪው ልጣጩ በእጅ ይሸሻል፣ ለስጎ ነው የሚሆንሽ። ወደ ዓመት ገደማ ይቆይልሻል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ፎሶሊያም ሆነ ሌላ አትክልት ቀቅለሽ በጠርሙስ አሽገሽ ከፍሪጅ ውጭ አታስቀምጪ። ኮምጣጣ ያልሆነ አትክልት አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ያበቅላል። መርዙ ሽታም ቀለምም ላያሳይ ይችላል፣ ሰው ይገድላል። ዘይት ውስጥ የተነከረ ነጭ ሽንኩርትም ከፍሪጅ ውጭ ሲቀመጥ ያው ነው።

ስለ አበባው። ሁለት ቀን የማይቆየው አንቺ ዕድል ስለሌለሽ አይደለም። ውሃ ውስጥ የሚገባ ቅጠል ይበሰብሳል፣ ባክቴሪያ ይራባል፣ ባክቴሪያው የግንዱን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል፣ አበባውም ውሃ ተከብቦ በጥማት ይሞታል። ስለዚህ ማስቀመጫውን በሳሙና አጥበሽ ጀምሪ። ከውሃው በታች የሚገባውን ቅጠል በሙሉ ልቀሚ። የግንዱን ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በሰላ ቢላዋ ወይም መቀስ ሰያፍ አድርገሽ ቁረጪና ሳትዘገዪ ውሃ ውስጥ ክተቺ፣ አየር ላይ ከቆየ ቱቦው አየር ይይዛል። ውሃውን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቀይሪ፣ በቀየርሽ ቁጥር ጫፉን በትንሹ ደግመሽ ቁረጪ። ስኳር ጨምሪበት የሚል ምክር ትሰሚያለሽ፤ ስኳር ብቻውን አበባውን ሳይሆን ባክቴሪያውን ነው የሚቀልበው፣ ተይው። ንጹሕ ውሃ ይበልጣል። ሌላው ደግሞ ቲማቲምሽንና አበባሽን አንድ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪ። ያ ቅድም ያልኩሽ ኤቲሊን አረንጓዴ ቲማቲም እንደሚያበስለው ሁሉ አበባንም ቶሎ ያስረጀዋል። የበሰለ ሙዝና ፖምም እንደዚያው። እቅፉ ውስጥ ናርሲስ (ዳፎዲል የሚባለው አበባ) ካለ ከመቀላቀልሽ በፊት ለብቻው ለጥቂት ሰዓት ውሃ ውስጥ አቆዪው፣ ከግንዱ የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ሌሎቹን አበቦች ይጎዳል።

የድመትሽ ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፣ እባክሽ ቀልድ አታድርጊው። ሊሊ የተባለ አበባ ቤትሽ አይግባ። አበባው፣ ቅጠሉ፣ ብናኙ፣ የቆመበት ውሃ ሳይቀር ለድመት መርዝ ነው። ፀጉሯ ላይ ያረፈ ብናኝ ስትልስ እንኳ ኩላሊቷ በጥቂት ቀን ውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ነክታ ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጃት። ለጎረቤትሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ «ድመታችን ስላለች ሊሊ ብቻ እንዳይጨምሩብን» ስትያቸው የሚቀየም ሰው የለም። ናርሲስም ለድመት ጥሩ አይደለም፣ ከፍ ያለ ቦታ ብታደርጊውም ድመት ስለምትወጣ እሱም ቢቀር ይሻላል። ጽጌረዳ፣ ዚኒያና ሱፍ አበባ አያሰጉሽም።

እንግዲህ «እየገባሽ ቅጠፊ» ያሉሽ ላይ ደረስን። ይሄ ትልቅ እምነት ነው፣ አትሽሺው። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ምሽት አብረሻቸው ጓሮውን ዙሪ። የቱን ልንካ፣ የቱን አልንካ ብለሽ ጠይቂ፣ እያንዳንዱን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። በተለይ ለዘር የተውት ካለ ይንገሩሽ። ብዙ ጊዜ በጣም የሚያምረውን አንድ ቲማቲም ወይም አንድ የፎሶሊያ ሐረግ ለዘር ያስቀራሉ፣ ሰው ሳያውቅ መጀመሪያ የሚቀጥፈውም እሱን ነው። ክር ይሰሩበት። የረጩት ፀረ ተባይ ካለም ጠይቂያቸው። እያንዳንዱ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይቀጠፍ መቆየት እንዳለበት ዕቃው ላይ ተጽፏል። ጥያቄው አያስቀይማቸውም፣ ጓሮ የሚያውቅ ሰው እንዲያውም ይወደዋል።

ስትገቢ መንገድ መንገዱን ሂጂ፣ መደቡን አትርገጪ፣ የተረገጠ አፈር ይጠቀጠቅና ሥሩ አየር ያጣል። ጠዋት ይመረጣል፤ ቅጠልም አበባም ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ የጠገበበት ሰዓት ነው። ፎሶሊያን ግን ጤዛው ሳይደርቅ አትንኪው፣ እርጥብ ቅጠል ስትነካኪ በሽታ ካንዱ ወደ ሌላው ታሸጋግሪያለሽ። ስትለቅሚው በአንድ እጅሽ ሐረጉን ያዢ፣ በሌላው እሸቱን ሳቢ፤ በአንድ እጅ ከሳብሽው ተክሉ ከነሥሩ ይከተልሻል። ሰላጣና ቆስጣ ላይ የውጪውን ቅጠል ብቻ ውሰጂ፣ መሐሉን ከተውሽለት መልሶ ያድጋል። ዝኩኒ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ነው የሚጣፍጠው። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ከሥሩ ይደበቃል፣ ገለጥ እያደረግሽ ፈልጊ፣ ያለፈሽ ፍሬ ከጥቂት ቀን በኋላ ክንድሽን አክሎ ትደርሺበታለሽ። በመቀስ ወይም በቢላዋ ቁረጪው፣ አትጠምዝዢው።

የዝኩኒን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ከማብሰልሽ በፊት ቁራጭ በምላስሽ ጫፍ ቅመሺ። በጣም መራራ ከሆነ ትፊው፣ ሁሉንም ጣዪው። መራራ የሚያደርገው ኩከርቢታሲን የሚባል ነገር ነው፣ በምግብ ማብሰል አይጠፋም፣ ክፉኛ ያስታውካል። በተለይ ራሳቸው ካስቀሩት ዘር የበቀለ ከሆነ ይህ ሊያጋጥም ይችላል፣ ከጌጥ ዱባ ጋር ተዳቅሎ ሊሆን ስለሚችል። መራራ እንደነበር ለእሳቸውም ንገሪያቸው፣ ያ እግር መነቀል አለበት።

አበባ ስትቆርጪ ዚኒያን ከአበባው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለሽ ግንዱን ያዢና ነቅነቅ አድርጊው። አንገቱ ከተንቀጠቀጠ ገና ነው፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቁረጪው። ዳሊያ ከተቆረጠ በኋላ እንቡጡ ብዙ ስለማይከፈት ፈክቶ ሲያበቃ ነው የሚቆረጠው። ጽጌረዳ ተቃራኒው ነው፣ እንቡጡ ላላ ማለት ሲጀምር ውሰጂው። ከየዓይነቱ ግን ለንቦቹ ተዪላቸው። ዱባውና ዝኩኒው የሚያፈራው እነሱ ሲመላለሱ ነው። በሩን መዝጋት፣ ሙቀት ከበዛ ማታ ሥር ሥሩን ማጠጣት፣ ከዚህ በላይ የሚጠብቁብሽ ነገር የለም። አንድ ቅርንጫፍ ብትሰብሪ ጓሮ አይፈርስም፣ ሰበርኩ ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ።

ቤት ስትገቢ ሁሉንም በሚፈስ ውሃ እጠቢ፣ ሳሙና አያስፈልግም። ጎመን ወይም አበባ ጎመን ከሆነ ትንንሽ ትሎች ስለሚደበቁበት ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ንከሪው፣ ይወጣሉ። ትል ማየትሽ አያስደንግጥሽ፣ እንዲያውም መድኃኒት እንዳልበዛበት ይነግርሻል።

ለሥራ ባልደረቦችሽ መስጠቱ ምንም ነውር የለውም። ግን ከማካፈልሽ በፊት ንገሪያቸው፤ «ለሥራ ጓደኞቼ ባካፍል ይከፋዎታል?» በያቸው፣ የሚከፋቸው አይመስለኝም። ከሰጠሽ በኋላም ሰው ምን እንዳለ ሰምተሽ ወሬውን ይዘሽላቸው ሂጂ። መስጠት የምትፈልጊውን ደግሞ ትኩስ እያለ ስጪ፣ ሊበላሽ ሲል አይደለም። አበባ የምትወስጂለት ሰው ካለ የግንዱን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ በፌስታል እሰሪው፣ መንገድ ላይ አይጠወልግም።